በእኔ ስም የወጣው ሕግ

በገዳሪፍ ከሰሊጥ ነጋዴ እስከ አህያ ጋሪ ነጂ ስንት ሺህ ሰው አለ። መንግሥት ተሰብስቦና እጅ አውጥቶ ለአንድ ሰው ብቻ ሕግ ያወጣለት ግን እኔ የማውቀው ሦስት ነው። አንደኛው እኔ ነኝ። ሕጌ አንድ ገጽ ተኩል ይሆናል። ስሜ እስከ አያቴ ድረስ ሰባት ጊዜ ተጽፎበታል፤ እዚያ የተጻፈው ስለሚበቃው እዚህ አልደግመውም። ሰባቱንም ጊዜ ስሜን አልተሳሳቱም። ውሸቱ ያለው ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ከስሜ ቀጥላ በመጣች አንዲት ቃል ውስጥ ነው። በዚያች ቃል ዐሥራ ስድስት ዓመት ተናድጃለሁ። ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልበረደልኝም፤ ደግሞስ ለምን ይበርዳል?

ነገሩ የመጣው በሎሪ ነው።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ክረምት እኔና ታላቅ እህቴ አንድ ሎሪ ነበረን። ከመተማ ተሻግረን ገዳሪፍ ከገባን ብዙ ዓመት ሆኖናል። እኔ ሰሊጥ ግቢ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ እየደለልኩ እኖራለሁ፤ እሷ ባሏ ሞቶባት በሴቶች ገበያ ሽንኩርትና ዊካ፣ ያ የደረቀ የባምያ ዱቄት፣ ትሸጣለች። የሎሪው ግማሽ የእኔ ላብ ነው። ግማሹ ባሏ በሠርጓ ያደረገላት አምባርና የአንገት ወርቅ ነው። ወርቁን አንጥረኛው ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ እኔ ነኝ የጨፈንኩት። የጭነት ሣጥኑ የእንጨት ነበር፣ ሰማያዊና ቢጫ የተቀባ። በግንባሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ማሻአላህ» ተጽፎበታል። እሱን ማንበብ እችል ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያ ክረምት ራሃድ ወንዝ ሞልቶ መፋዛ ከተማ ውስጥ ሰው ጣራ ላይ ወጣ። አንድ ጠዋት ሎሪው ሰሊጥ ግቢው ውስጥ ሽንኩርት ሊጭን ቆሟል፣ እህቴም ጆንያዎቿ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አንድ ሹም ጃንጥላ ይዞ፣ ሁለት ወታደር አስከትሎ ገባ።

«ያ ሐጅ፣ ሎሪህን እንፈልጋለን። ሦስት ቀን ብቻ።»

ሐጅ አላደረግኩም። እኛን ሲፈልጉን ሐጅ ይሉናል፣ እኛ ስንፈልጋቸው ሐበሺ። እውነቱን ለመናገር ግን ወታደር ባይዝም እሰጠው ነበር። ሰው ጣራ ላይ ቆሞ ሦስት ቀን የሚነፍግ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቁልፉን ሰጠሁት። እሱም ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በእጁ ጻፈና ዘረጋልኝ።

«ምንድን ነው?»

«ኢሳል ነው። ደረሰኝ። አንብበህ ፈርም።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። እኔ ቁርኣን የቀራሁ ሰው ነኝ። የታተመ ዐረብኛ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ የስኳር ከረጢት፣ የሎሪ ግንባር አነባለሁ። ሰፈራችን ውስጥ አዲስ የመጣ ስደተኛ ሁሉ «እሱ አንባቢ ነው» እየተባለ ወደ እኔ ይላክ ነበር። የቢሮ ሰዎች በእጃቸው የሚጽፉት ግን ሌላ ነው። ሩቅዓ ይሉታል፤ ለእኔ እንደ ስሙ ሩቅ ነበር። ነጥቦቹ ሰረዝ ሆነዋል፣ ጥርሶቹ ተውጠዋል፣ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ይመስላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የለየሁት ስሜንና «ሎሪ» የሚለውን ብቻ ነው።

አላነብም ማለት ስንት ቃል ነው? አንድ። እህቴ እያየችኝ፣ ጫኞቹ እያዩኝ፣ ያቺ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣችም። ወረቀቱን ያዝኩና ዓይኔን ከቀኝ ወደ ግራ ሄድ መለስ አደረግኩ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። አንድ ቦታ ላይ እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ለማንበብ ይበቃል ያልኩትን ያህል ቆይቼ ጢሜን ዳበስኩና ፈረምኩ።

ሦስቱ ቀን ሳምንት ሆነ። ሎሪው መጀመሪያ ሰው አወጣ፣ ለዚያ ምንዳውን አላህ ይስጠን። ከዚያ እህል ጫነ። ከዚያ የአንድ ትልቅ ሰው ቁም ሣጥንና ፍራሽ ሲጭን ታየ፤ ጎርፉ ያንን ሰው በሌላ ከተማ አግኝቶት መሆን አለበት። ወር ካለፈ በኋላ አንድ የማውቀው ሾፌር ከኒው ሀልፋ ሲመለስ፣ «ሎሪህን አየሁት፣ ሸንኮራ ይጭናል። ግራጫ ቀብተውታል፤ ግን ከቀለሙ ሥር ማሻአላህ ይታያል» አለኝ።

እህቴን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ሹሙ ተዛውሯል። በወንበሩ የተቀመጠው ሌላ ሰው ፋይሉን ገለጠ።

«የትኛው ሎሪ? አንተ የለገስከው?»

«ምን የለገስኩት?»

ወረቀቴን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። «እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት በነፍሴ ደስታ፣ ያለ ማንም አስገዳጅ፣ ሎሪዬን ለመንግሥት ተበረዕቱ።» ተበረዕቱ፣ ለገስኩ። በነጻ ሰጠሁ፣ መልሱልኝም አልልም። ሰውየው አንብቦ ሲያበቃ ተነስቶ እጄን ጨበጠኝ። «ባረከላሁ ፊክ» አለኝ፣ አላህ ይባርክህ።

እህቴ ማንበብ አትችልም፣ ዐረብኛ ግን ትሰማለች። ደጅ ስንወጣ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ምንድን ነው የሰማሁት?»

«ዋሽቶኝ ነው እታለም። ደረሰኝ ነው ብሎኝ…»

«ብሎህ? አንብበህ አይደል የፈረምከው? እኔ እዚያው ሽንኩርቴ ላይ ተቀምጬ አይቼሃለሁ። ከንፈርህ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር።»

ወደ ቢሮው በር ዞርኩ።

«ኢቃማህ የወጣው መቼ ነው?» አለችኝ።

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያመላልሰኝ ከርሞ ሎሪው በተወሰደ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ወጥቶ ነበር። እንዲያው ገጠመ። ግን ገጠመ ብትል ማን ያምንሃል? እኔ ራሴ የሌላ ሰው ነገር ቢሆን አላምንም።

«በእኔ ወርቅ ኢቃማ ገዛህ» አለች።

«ወላሂ አልገዛሁም!»

«እንግዲያው አላነበብኩትም በል።»

ልትረዳኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም እንጂ በሩን ከፍታልኝ ነበር። እኔ ግን የሰፈሩ አንባቢ ነኛ። «አንብቤዋለሁ፣ ወረቀቱን ለውጠውታል» አልኳት። ውሸት ነበር፣ እሷም ውሸት መሆኑን አወቀች። ያላወቀችው የትኛው ላይ እንደዋሸሁ ነው።

በሳምንቱ ጆንያዋን ጠቅልላ ወድ ኤል ሒለው፣ አንዲት የአክስታችን ልጅ ዘንድ ሄደች። የሚወስዳት የጭነት መኪና ተሳቢ ላይ ተቀምጣ ያለችኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሎሪውን አምጣ አልልህም። አልሰጠሁም የሚል የመንግሥት ወረቀት አምጣልኝ። ያን ቀን ቤትህ እበላለሁ።»

ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አንድ አርደሃልጂ ይቀመጥ ነበር፤ ለሕዝብ ማመልከቻ የሚጽፍ ሽማግሌ ሱዳናዊ። የመነጽሩ አንዱ ዓይን ተሰንጥቋል። ከቢሮው ያወጣሁትን የወረቀቱን ቅጂ አንብቦ ሲጨርስ በዚያ በተሰነጠቀው በኩል አየኝ።

«ልክሰስ» አልኩት።

«መንግሥትን ለመክሰስ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ማን ነው የሚሰጠው?»

«መንግሥት።»

«ቢከለክለኝስ?»

«ትከሳለህ።»

«ማንን?»

«መንግሥትን ነዋ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ሻይ እዘዝልኝ፣ ረጅም ቀን ነው።»

ፈቃድ ጠየቅን። መልሱ በሦስተኛው ዓመት መጣ፤ የለገሰ ሰው የሚጠይቀው የለውም ይላል። ወሬው ደግሞ ከመልሱ ቀድሞ ገበያ ገብቶ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ «ያ ሙተበሪዕ!» ይለኝ ጀመር፣ ለጋሱ ማለት ነው። የመስጊድ ጣራ ሲያፈስ ወደ እኔ፣ የሰፈር ኳስ ቡድን ማሊያ ሲፈልግ ወደ እኔ። «ለመንግሥት ሎሪ የሰጠ ሰው ለእኛ ኳስ አይሰጥም?» ይላሉ። ስቄ አሳልፈው ነበር። ሱቄን ዘግቼ ግን ጆንያ በእርግጫ እመታለሁ። አንዴ ጆንያ መስሎኝ ሚዛን መትቼ ወር ሙሉ አነከስኩ።

አርደሃልጂው ነው ሌላውን መንገድ ያሳየኝ። «ፍርድ ቤት ለተዘጋበት ሰው ምክር ቤት አለ» አለኝ። «ለአንድ ሰው ብቻ ሕግ ያወጡለታል። ካንተ ተነስቶ አንተው ላይ ያልቃል፣ ለማንም አይተርፍም። ሁለት ሰው አይቻለሁ። አንዱ ቤቱን መንገድ የበላበት፣ አንዷ ባሏ በዘበኝነት ሳለ የሞተባት።» ማመልከቻውን ጻፈልኝ። ሊያስፈርመኝ ሲል እጁን ወረቀቱ ላይ ጫነና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ሙተበሪዕ፣ ይህን የእኔን ጽሑፍ አታነበውም አይደል?»

ከእህቴ የደበቅኩትን ለእሱ ነገርኩት። በባዕድ ፊት ማፈር ይቀላል። አልሳቀም። «እንግዲያው ምክር ቤቱ እስኪጠራህ ሥራ አገኘህ» አለና ብዕሩን ሰጠኝ።

ምክር ቤቱ እስኪጠራኝ በፈጀው ጊዜ ሩቅዓ ብቻ ሳይሆን ሕክምናም ቢሆን ተምሬ እመረቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ተበተነ። በተበተነ ቁጥር ማመልከቻዬ እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራል። አንዴ ፋይሌን አይጥ በላው፤ የበላው ጠርዙን ስለሆነ «ችግር የለም፣ ይነበባል» አሉኝ። አንዴ ያነጋገርኩት የምክር ቤት አባል፣ «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፣ ለምን አገርህን አትጠይቅም?» አለኝ። «አገሬ ሎሪ አልወሰደብኝም» አልኩት። የሱዳን ገንዘብ ራሱ በዚያ መሃል ስሙን ሁለቴ ቀየረ። እኔም ኒሙ ሥር እየተቀመጥኩ፣ መጀመሪያ የአርደሃልጂውን፣ ቀጥሎ የሌሎች ጸሐፊዎችን እጅ ማንበብ ቻልኩ። እያደርም መጻፍ ቻልኩ። በየረመዳኑ ወድ ኤል ሒለው ቴምር እልካለሁ። ቴምሩ ሳይመለስ ይቀራል፣ መልእክትም አይመጣም።

በመጨረሻ ተጠራሁ። አዳራሹ ውስጥ ማራገቢያው ይንጫጫል፣ ከአባላቱ ግማሹ ጥምጥማቸውን ዓይናቸው ላይ ጥለዋል። የእኔ ጉዳይ ከአንበጣ መርጨትና ከመቃብር አጥር መሃል ነበር። አንባቢው ቆሞ ጀመረ። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም። ከዚያ፣ «ሎሪውን በነፍሱ ደስታ ለመንግሥት የለገሰው፣ በለጋስነቱም ለችግር የተጋለጠው ነጋዴ፣ ምክር ቤቱ ከቸርነቱ የተነሳ ኢክራሚያ እንዲሰጠው ወስኗል።»

ኢክራሚያ። ሻይ ላመጣልህ አስተናጋጅ የምትጥልለት ማለት ነው።

ተነሳሁ። መነሳት ክልክል ነበር።

«ቁጭ በል ያ ሐጅ፣ እየሰጠንህ እኮ ነው!» አለኝ ሰብሳቢው።

«አልለገስኩም። ወሰዳችሁብኝ። ገንዘቡ ይቅርባችሁ፣ ቃሉን ለውጡልኝ።»

የተኙት ሁሉ ነቁ። ሳቁ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ከሁሉም ጨዋው እሱ ነበር፣ እንደ ልጅ አስረዳኝ። «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ስማኝ። ገንዘብ ቀላል ነው። ይህ ሕግ ላንተ ብቻ ነው። ‹ተወሰደ› ብለን ከጻፍን ግን ቃሏ ያንተ ብቻ አትሆንም። ነገ መሬት የተወሰደበት ይመጣል፣ ግመል የተወሰደበት ይመጣል፣ ያቺን ቃል ይዞ። ለአንተ ሎሪ መክፈል እንችላለን። ቃሏን ግን አንችልም።»

በዚያ ሁሉ ዓመት እውነት የነገረኝ የመንግሥት ሰው እሱ ብቻ ነው፤ በጣም ያናደደኝም እሱ ነው። እንግዲህ ያውቁ ነበር! ያልገባቸው መስሎኝ ስንት ዓመት ሳስረዳ ኖሬአለሁ። እጅ ወጣ፣ አንድም ተቃውሞ የለም። ሕጌ ጸደቀ። ወደ መቃብሩ አጥር ተሻገሩ።

በሳምንቱ ገንዘብ ቤት ሄድኩ። ኢክራሚያው የአንድ ሎሪ ጎማዎች ይገዛ ይሆናል፣ ያውም ያረጁትን። ገንዘብ ከፋዩ የእጅ ጽሑፉን የሚወድ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነበር። «ኢሳል ነው፣ አንብበህ ፈርም» ብሎ ወረቀት ዘረጋልኝ።

ባለ ጃንጥላው ሹም ያኔ ያለኝን ያንኑ፣ እንዳለ።

አነበብኩት። በዚህ ጊዜ እውነቴን አነበብኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም። «የለገስኩት ሎሪ ኢክራሚያ ደርሶኛል፣ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ይላል። ብዕሩን ተቀበልኩና ከመፈረሜ በፊት ከሥሩ በሩቅዓ፣ አርደሃልጂው ባስተማረኝ እጅ፣ «ሎሪዬ ተወስዶብኛል፣ አልለገስኩም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ሰውየው አየውና ፊቱ ተለወጠ። «ሰነድ አበላሸህ! አሁን ይሰረዛል፣ ገንዘቡም አይከፈልህም!»

«ይሰረዝ።»

«ያ ዞል፣ አብደሃል? ሌላ ልስጥህ፣ ዝም ብለህ ፈርም።»

«ዝም ብዬ ፈርሜ አውቃለሁ። ሰርዝ።»

ሥርዓት አዋቂ ነበርና በሥርዓቱ ሰረዘ። በቀይ መስመር አሰመረና ከጎኑ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ፣ «ክፍያው ተሰርዟል። ምክንያት፦ ተቀባዩ ሎሪዬ ተወስዶብኛል፣ አልለገስኩም ብሎ ስለጻፈ» ብሎ ሞላ። ክንፏን የዘረጋችው የመንግሥት ወፍ ያለችበትን ማኅተም ቃሉ ላይ አሳረፈበት። የተሰረዘ ሰነድ ቅጂው ለባለጉዳዩ ይሰጣል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሰጠኝ። ምክር ቤቱ በሙሉ ልጽፋት አልችልም ያላትን ቃል ማኅተም ታትሞባት ደረት ኪሴ ከተትኳት።

ወድ ኤል ሒለው የደረስኩት በማግስቱ ከቀትር በፊት ነው። እህቴ ዊካዋን ምንጣፍ ላይ አስጥታ በዱላ ዶሮ ትከላከላለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ሰላምታ ሳልጨርስ ወረቀቱን አወጣሁና አነበብኩላት፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ።

«ይህማ አንተ ያልከውን ነው የጻፉት» አለች።

«አዎ። ገንዘቡንም በእሱ ነው ያስቀሩት።»

«የቱን ገንዘብ?»

ነገርኳት። ዱላዋን አስቀመጠች።

«ግማሹ የእኔ አልነበረም?»

አላሰብኩበትም። ወላሂ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ አንዴም አላሰብኩበትም።

«ሳትጠይቀኝ ስትፈርም ይህ ሁለተኛህ ነው» አለች። ከዚያ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ፣ ሂሳብ ይመስላል። ለኢቃማ ብሎ ወርቋን የሸጠ ሰው ለአንዲት ቃል ብሎ ገንዘብ እንደማይጥል ስታሰላ አየኋት። «ታዲያ ያኔ ምን እያነበብክ ነበር?»

«ምንም። አላነበብኩም እታለም። የቢሮ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም ነበር።»

ልትስቅ ነው ብዬ ስጠብቅ ጮኸችብኝ። ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ነው የጮኸችው። «ይህን ነው የደበቅከኝ? ይህችን? በዚያው ዕለት ብትነግረኝ ሹሙን ረግሜ፣ አንተን ሰድቤ፣ ማታውን ራት አበላህ ነበር! ሌባ ነው ብዬ ኖርኩ እኮ! ሌባ መባሉን መረጥክ፣ አልችልም ከምትል!»

ሎሪዬን የወሰደብኝን ሁሉ በስም በስሙ እየጠራሁ ዐሥራ ስድስት ዓመት ስራገም፣ እህቴን የወሰደብኝን አንድ ቀን አልጠራሁትም። ዛሬም የማልጽፈው ስም ነው፤ ሕጉ ላይ ሰባት ጊዜ አለላችሁ።

ደክሟት ተቀመጠች። በርጩማ በእግሯ ወደ እኔ ገፋችልኝ።

«ቁጭ በል። ድገመው።»

«አሁን አነበብኩልሽ እኮ።»

«በዐረብኛው። ጣትህን እያስቀመጥክ። አሁን እውነት ታነብ እንደሆነ ልይ።»

ጣቴን ማኅተሙ ሥር አስቀምጬ ከቀኝ ጀመርኩ። ከንፈሬን አልተመለከተችም። ጣቴን ነበር የምታየው፣ ከቃል ወደ ቃል፣ እስከ መጨረሻው። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጥፋ ከቀሚሷ ውስጥ አስገባችው።

«ግማሹ የእኔ ነው» አለችና ዊካውን ከምንጣፉ ታነሳ ጀመር፣ ምሳ ልትሠራ።